ሕዝቡ ያላየው የሕዝብ ፊልም

ተጠራጣሪዋ፦ ቅዳሜ ከጓደኞቼ ጋር ሲኒማ ገብተን ስቀን ወጣን። አስቂኝ የፍቅር ፊልም ነው፤ ሀብታም ልጅ፣ ደሃ ልጅ፣ መሀል ላይ የሚዋሽ ጓደኛ፣ መጨረሻ ላይ ሠርግ። ታሪኩ አዲስ አይደለም። አዳራሹ ግን ጢም ብሎ ሞልቶ ነበር፤ ሰው ሁሉ እየተቀባበለ ይስቃል። አንተ ስለ አዲስ ፊልም በተነሣ ቁጥር ወደ ፊልም ሠሪው ኃይሌ ገሪማ ትመለሳለህ። እስቲ ለምን እንደሆነ አስረዳኝ።

አድናቂው፦ ያልሽውን ፊልም እኔም አይቼዋለሁ፤ አልጠላሁትም። ተዋናዮቹ ጎበዞች ናቸው፣ ንግግሩም የከተማውን አፍ ይመስላል። ነገር ግን በብዙዎቹ አዳዲስ ፊልሞቻችን የማየው አንድ ነገር አለ፤ ባለታሪኩ ካለበት ማምለጥ ይፈልጋል። ወይ ሀብታም ያገባል፣ ወይ ውጭ አገር ይሄዳል፣ ወይ ሮጦ ያሸንፋል። በአምለሰት ሙጬ «ምን አለሽ» እንኳ፣ መርካቶን በፍቅር ያሳየ ፊልም ሆኖ ሳለ፣ የልጅቷ መውጫ ሩጫ ነው። የኃይሌ ገሪማ ሰዎች መንገዳቸው ሌላ ነው፤ ይመለሳሉ። «አሽስ ኤንድ ኤምበርስ» ላይ ከቬትናም ጦርነት የተረፈው ጥቁር አሜሪካዊ ወታደር ወደ አያቱ ቤት ይመለሳል። «ሳንኮፋ» ላይ ጋና ውስጥ ኬፕ ኮስት በሚገኘው የባሪያ ንግድ ምሽግ ፎቶ ልትነሣ የሄደች ሞዴል አያቶቿ ወደኖሩበት የባርነት ዘመን ትመለሳለች። «ጤዛ» ላይ ጀርመን የተማረው አንበርብር ጎንደር፣ እናቱ ደጅ ይመለሳል። አንድ ሰው በዕድሜ ልኩ አንዱን ጥያቄ ሳይሰለች ሲጠይቅ ማየት ያስደስተኛል።

ተጠራጣሪዋ፦ መመለስ የሚችለው የሄደ ነው። ከመርካቶ ወጥታ የማታውቅ ልጅ ወዴት ትመለስ? ኃይሌ ገሪማ እ.ኤ.አ. በ1967 አሜሪካ ገቡ፤ ቺካጎ ትያትር፣ ሎስ አንጀለስ ፊልም ተማሩ፤ ከ1975 ጀምሮ ደግሞ ዋሽንግተን በሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ አስተማሩ። የመመለስ ናፍቆት የእሳቸው ናፍቆት ነው። እዚህ የቀረው ሰው ናፍቆቱ መውጣት ከሆነ ፊልሙ ስለ መውጣት ቢያወራለት ምን ያስወቅሰዋል?

አድናቂው፦ አያስወቅሰውም። ግን «ጤዛ» ውስጥ ያለውን መመለስ ልብ ብለሽ እዪው። አንበርብር የሚመጣው ድል አድርጎ አይደለም። በምዕራብ ጀርመን ሕክምና ተምሮ፣ በደርግ ዘመን አዲስ አበባ ገብቶ፣ ጓደኛው ተስፋዬ ሲገደል አይቶ፣ ወደ ምሥራቅ ጀርመን ተልኮ፣ እዚያም ዘረኞች ደብድበውት አንድ እግሩን አጥቶ ነው የሚመለሰው። የራሱን ታሪክ እንኳ በቅጡ አያስታውስም። መንደሩም እፎይ አያሰኘውም። ሽማግሌዎቹ ጋኔን አለበት ብለው ጸበል ይወስዱታል፤ ወጣቶቹ ከአፈሳ ሸሽተው ዋሻ ውስጥ ተደብቀዋል። ይህ የሄደ ሰው ታሪክ ብቻ ነው? ልጇን ከአፈሳ የደበቀች እናትስ ሄዳ ነበር? እዚያ ዋሻ ውስጥ ያሉት ልጆች የቀሩት ናቸው። ፊልሙ የሄደውንና የቀረውን አንድ ደጅ ላይ አስቀምጦ ያፋጥጣቸዋል።

ተጠራጣሪዋ፦ አፈሳውን እቀበልሃለሁ። ያንን ዘመን በእንዲህ ያለ ቅርበት ያሳየ ሌላ የአማርኛ ፊልም አላውቅም። ግን ሁለት ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ሙሉ ታሪኩ ወደፊት ወደኋላ ይመላለሳል። አሁን ጀርመን ነን፣ አሁን ልጅነት፣ አሁን ስብሰባ፣ አሁን ቅዠት። ሳምንቱን ሙሉ ታክሲ ስትጠብቅ የሰነበተች ሴት ገንዘብ ከፍላ የምትገባው ራስ ምታት ለመግዛት አይደለም።

አድናቂው፦ ጭንቅላቱ የተመታ፣ ትዝታው የተሰባበረ ሰው ታሪኩን በተራ በተራ ቢነግርሽ ታምኚው ነበር? መጀመሪያ ላይ ግራ ይገባሻል፤ እሱም ግራ ገብቶታል። ትዝታው ሲመለስለት አንቺም ታሪኩን ትይዣለሽ። መጨረሻ ላይ ሁለታችሁም እኩል ታውቃላችሁ። ይህ ተመልካችን መናቅ አይደለም፤ ከባለታሪኩ ጋር እኩል አድርጎ ማክበር ነው። ለሁሉም ነገር ቀድሞ መልስ የሚሰጥ ፊልም ግን «አንቺ ራስሽ አትደርሺበትም» ያለሽ ያህል ነው።

ተጠራጣሪዋ፦ በደንብ ተከላከልክ። እንግዲያው ወደ ከባዱ ልምጣ። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»። ጥቁርና ነጭ፣ ሁለት ሰዓት ተኩል። ገበሬው ያርሳል፣ ባለርስቱ ወንበር ላይ ተቀምጦ ያዛል፣ ገበሬው ደግሞ ያርሳል። ዝግ ያለ ነገር ሁሉ ጥልቅ ነው ማለት የፊልም ትምህርት ቤት አጉል እምነት ይመስለኛል።

አድናቂው፦ መቼና እንዴት እንደተቀረጸ እናንሣ። እ.ኤ.አ. በ1974 ነው፤ ሥርዓቱ በሚንገዳገድበት ክረምት። ተማሪው ኃይሌ ከሎስ አንጀለስ መጥተው፣ በ16 ሚሊ ሜትር ፊልም፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ቀረጹት። አብዛኞቹ የሚታዩት ሰዎች ተዋናዮች አልነበሩም፤ የገበሬን ኑሮ የሚኖሩ ሰዎች ናቸው። በጥቂት ወራት ውስጥ፣ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም.፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ያደረገው አዋጅ ታወጀ። ከዚያ በኋላ ያንን የባለርስትና የጭሰኛ ሥርዓት በሕይወት ሳለ ልቅረጸው ቢሉ አይገኝም። ካሜራው በመጨረሻዋ ሰዓት ደረሰ። አንቺ ዝግታ የምትዪው ደግሞ የእርሻው የራሱ እርምጃ ነው። በሬ ሲታረስበት አይሮጥም። ያንን ሕይወት በፈጣን ቅንብር ቢቆራርጡት ውሸት ይሆን ነበር።

ተጠራጣሪዋ፦ የታሪክ ሰነድ መሆኑን አልክድም። ሰነድ ከሆነ ግን ቦታው ቤተ መዛግብት ነው። እኔ የምጠይቀው እንደ ፊልም ነው። ከበበን ውሰደው። እብድ ተብሎ የተገለለ፣ አገሩን ያገለገለ፣ መሬቱን የተነጠቀ ሰው። አፉን ሲከፍት የሚወጣው የገበሬ ንግግር ነው ወይስ ከዩኒቨርሲቲ የመጣ የትግል ንግግር? ደራሲው የራሱን ጽሑፍ እብዱ አፍ ውስጥ የጨመረው ይመስለኛል። ገበሬዎቹ ዝም ይላሉ፣ እሱ ይናገርላቸዋል። ገበሬው በራሱ ፊልም ውስጥ እንኳ ጠበቃ ያስፈልገዋል?

አድናቂው፦ እብድ እንዲህ መናገሩ ካሊፎርኒያ የተፈለሰፈ ነገር አይደለም። በእኛ አገር ገዢዎች ራሳቸው «እረኛ ምን አለ?» እያሉ ይጠይቁ ነበር። ሹም የማይናገረውን እረኛ ይዘፍነዋል፣ አዝማሪ በቅኔ ይወጋዋል፣ እብድ በአደባባይ ይጮኸዋል። ከበበ የዚያ ወግ ልጅ ነው። የማይቀጣ አፍ ያለው እሱ ብቻ ስለሆነ ነው የሚናገረው። የገበሬዎቹም ዝምታ ባዶ አይደለም፤ ፊታቸውን፣ እጃቸውን፣ በባዶ እግራቸው የሚረግጡትን ጭቃ እዪ። መጨረሻ ላይ ባለርስቱን የሚገድለው ከበበ ነው፤ ነገር ግን ፊልሙ በግድያው አይደሰትም። ኃይሌ ገዳይን ጀግና አድርገው አላቀረቡም። በዚያ ዘመን ግን ብዙ ወጣት ጀግና ያደርገው ነበር።

ተጠራጣሪዋ፦ ሴቶቹስ? እዚያው ፊልም ውስጥ የገበሬው ልጅ ከብት ላድን ብላ በጎርፍ ትወሰዳለች። «ጤዛ» ላይ አዛኑ በራሷ መከራ ከሰው የተገለለች ሴት ናት። ታሪኳ ለአንድ ሙሉ ፊልም ይበቃል። ነገር ግን ፊልሙ በዋነኛነት የሚጠቀምባት የቆሰለውን ምሁር ልታድንና ተስፋ ልትወልድለት ነው። አንዷ መሥዋዕት፣ ሌላዋ መድኃኒት። የራሷን መንገድ የምትሄደው የትኛዋ ናት?

አድናቂው፦ «ቡሽ ማማ» ላይ ዶሮቲ አለች። ሎስ አንጀለስ፣ ዋትስ ሠፈር፣ ባሏ እስር ቤት፣ የድጎማ መሥሪያ ቤቱ ፅንሷን እንድታስወርድ የሚጫናት እናት። ፊልሙ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው የእሷ የንቃት ጉዞ ነው። የተሠራው እ.ኤ.አ. በ1975 ነው። «ሳንኮፋ» ላይ ኑኑ አለች፤ በባርነት ውስጥ ሆና ሌሎችን የምታነቃ፣ የምታደራጅ ሴት።

ተጠራጣሪዋ፦ ሁለቱም ጠንካሮች ናቸው፤ ሁለቱም ግን ወዲያ ማዶ ናቸው። እኔ የምልህ ከኢትዮጵያ አንዷን አምጣልኝ ነው።

አድናቂው፦ የአንበርብርን እናት አመጣልሻለሁ። ልጄ ዶክተር ሆኖ መጣልኝ ብላ ጠብቃ፣ የተሰበረ ሰው ደጇ ላይ ያገኘች ሴት። መንደሩ ያገለላትን አዛኑን ቤቷ ያስጠጋች እሷ ናት። ሆኖም ያነሣሽው ነጥብ ተገቢ መሆኑን አልሸሽም፤ በኢትዮጵያ ታሪኮቻቸው ውስጥ የታሪኩን ልጓም የያዘው ወንድ ነው።

ተጠራጣሪዋ፦ እዚህ ላይ ነው አዲሶቹን የማመሰግናቸው። የዘረሰናይ ብርሃነ መሐሪ «ድፍረት» እ.ኤ.አ. በ2014 ሲወጣ ታሪኩን ሁለት ሴቶች ተሸከሙት። አንዷ ተጠልፋ ራሷን ለማዳን የተኮሰች ታዳጊ፣ ሌላዋ ያለ ክፍያ የቆመችላት ጠበቃ። ትዕይንቱ ቀጥ ያለ ነው፤ ማንም ሰው ይከተለዋል። ከፊልሙ በኋላ ቤተሰብ ተቀምጦ ስለ ጠለፋ ሊነጋገር ይችላል። ኃይሌ ገሪማ በቅኔ የሚሉትን ዘረሰናይ በግልጽ አማርኛ አለው። ሰንዳንስ ላይ ያገኘው ሽልማትም ከዳኞች ሳይሆን ከተመልካች ነው። ከሁለቱ ለሕዝብ የቀረበው የትኛው ነው?

አድናቂው፦ «ድፍረት»ን እወደዋለሁ። ግን ያንን ፊልም ሳነሣ የማልረሳው ነገር አለ። አዲስ አበባ ሊመረቅ ሲል በፍርድ ቤት እግድ ቆመ፤ ታሪኩ የማን ነው የሚለው ክርክር አስነሥቶ ነበር። ዓለም ላይ ሲሸጥ ደግሞ ከፊት የተቀመጠው የአንጀሊና ጆሊ ስም ነው። ክፋት አለው ማለቴ አይደለም፤ ፊልሙን ብዙ ሰው ጋ አድርሶታል። ነገር ግን ኃይሌ ገሪማ ዕድሜያቸውን ሙሉ የተሟገቱት በዚህ ጉዳይ ነው፤ ታሪኩ የእኛ ከሆነ፣ ፊልሙም፣ ቅጂውም፣ ማሳያውም የእኛ ይሁን ነው የሚሉት። «ሳንኮፋ»ን ለመሥራት ለዓመታት ገንዘብ ለመኑ። እ.ኤ.አ. በ1993 በርሊን ላይ ከተወዳደረ በኋላ እንኳ የአሜሪካ አከፋፋዮች አልፈለጉትም። እሳቸውና ባለቤታቸው ሺሪኪያና አይና ምን አደረጉ? ዋሽንግተን ውስጥ ሲኒማ ቤት ተከራይተው ራሳቸው አሳዩት። ጥቁሩ ሕዝብ ሰልፍ ይዞ ገባ፤ ከከተማ ከተማ በዚሁ መንገድ ዞረ። ከገቢው ሀዋርድ ዩኒቨርሲቲ ፊት ለፊት፣ ጆርጂያ አቬኑ ላይ፣ በፊልሙ ስም የመጻሕፍትና የቪዲዮ መደብር ከፈቱ።

ተጠራጣሪዋ፦ አንተ ራስህ ወደ ትልቁ ጥያቄዬ አመጣኸኝ። ዋሽንግተን ላይ አዳራሽ ተከራይተው ለጥቁር አሜሪካዊው አሳዩ። ጎንደር ገጠር ላይ ማን አዳራሽ ተከራየ? «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት» እ.ኤ.አ. በ1976 ሎካርኖ ላይ ተሸለመ፤ በ2006 በማርቲን ስኮርሴዚ ፋውንዴሽን ድጋፍ ቦሎኛ ታድሶ ካን ላይ ታየ። ስዊዘርላንድ አየው፣ ጣሊያን አደሰው፣ ፈረንሳይ አጨበጨበለት። በአማርኛ ተሠርቶ፣ አማርኛ ተናጋሪው ገበሬ ራሱ ተውኖበት፣ የገበሬው የልጅ ልጅ ስሙን እንኳ አልሰማም። ይህ የማን ፊልም ነው?

አድናቂው፦ ይህ ያመኛል። ግን ጥፋቱን ለማን እንስጠው? ፊልሙ ሲያልቅ አዲስ አበባ ላይ ደርግ ተቀምጧል። ስለ ጭሰኛ የተሠራ ፊልም ለደርግ ይመች ነበር ትዪኝ ይሆናል፤ ነገር ግን ሥልጣን ሁሉ ወንበር ላይ ተቀምጦ የሚያዝ ነው ብሎ የሚናገር ፊልም ለየትኛው መንግሥት ይመቻል? «ጤዛ»ን እዚህ ሆኖ በዚያ ዘመን መሥራት የማይታሰብ ነበር። ስደቱ ነው የነጻነት ቦታ የሰጣቸው። አዲስ አበባ ቢቀሩ ኖሮ ምናልባት ዝም ይሉ ነበር፣ ምናልባትም በሕይወት አይኖሩም ነበር።

ተጠራጣሪዋ፦ ደርግ ከሄደ ቆየ። «ጤዛ» እ.ኤ.አ. በ2008 ቬኒስ ላይ የዳኞች ልዩ ሽልማትና የድርሰት ሽልማት ወሰደ፤ በቀጣዩ ዓመት ዋጋዱጉ ላይ በፌስፓኮ ትልቁን ሽልማት፣ የየኔንጋን ፈረስ አነሣ። አዲስ አበባም ታየ፤ አውቃለሁ። ከአዲስ አበባ ወዲያስ? የተቀረጸው ጣና ዳር ነው። እነዚያ ሽማግሌዎችና ሕፃናት ፊታቸውን በሸራ ላይ አይተውታል? እኔ ይህን የምለው ለመክሰስ አይደለም። «ለሕዝብ» የተባለ ጥበብ ሕዝቡ ጋ ካልደረሰ፣ ለሕዝብ ያለን ሐዘን ራሳችንን የምናጽናናበት ነገር ይሆናል ብዬ ስለምፈራ ነው።

አድናቂው፦ ፍርሃትሽ ተገቢ ነው። ግን ጥያቄሽ ፊልሙ ምን ዋጋ አለው ከሚለው ወጥቶ መንገዱ የት ተዘጋ ወደሚለው ሄዷል። መንገዱን ፊልም ሠሪው ብቻ አይጠርገውም። በየክልሉ ሲኒማ ቤት፣ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ፣ ቴሌቪዥን አለ። ሁለት ሦስት ተከታታይ ድራማ ከውጭ አስመጥቶ በአማርኛ የሚያስተረጉም አገር፣ በራሱ ቋንቋ የተሠራውን ለማሳየት ምን ያንሰዋል?

ተጠራጣሪዋ፦ ገበያ ያንሰዋላ! የተተረጎመው ድራማ የሚታየው ሰው ስለሚወደው ነው። እስቲ እውነቱን እንነጋገር፤ የአዲስ አበባ ፕሮዲዩሰር ገንዘቡን ከሲኒማ ቤት የትኬት ድርሻ ነው የሚመልሰው። ካልተመለሰ ሁለተኛ ፊልም የለም፤ ተዋናዩ፣ ካሜራ ያዡ፣ መብራት ሠራተኛው ሥራ ፈታ። በቪዲዮ ካሜራ የተነሣው የፊልም ሥራችን የቆመው በእነዚያ አስቂኝ የፍቅር ፊልሞች ነው። አንተ የምትንቃቸው ፊልሞች ባይኖሩ ኖሮ ዛሬ «ጉማ» ብለን በቀድሞ ፊልማችን ስም የሰየምነውን ሽልማት የምንሰጠው ባለሙያ አይኖረንም ነበር።

አድናቂው፦ አልንቃቸውም። ሙያውን አሳድገዋል፤ ተመልካችን በገዛ ቋንቋው ፊልም ላይ ገንዘብ ማውጣት አስለምደዋል። የማዝንበት ሌላ ነገር ነው። ኃይሌ ገሪማ ልጅ ሆነው ጎንደር ላይ የታርዛን ፊልም ሲያዩ፣ አፍሪካውያኑ ከኋላ ሊይዙት ሲመጡ ልጆቹ ሁሉ ታርዛንን ለማዳን ይጮኹ እንደነበር ተናግረዋል። ከራሳቸው ሰው ጋር ሳይሆን ከሌላው ጋር ወገኑ። ይህን ያወቀ ሰው ከዚያ በኋላ ፊልም የሚሠራው ዓይኑን ለማስመለስ ነው። አሁን እኔ የምጠይቅሽ፦ የዛሬ ፊልሞቻችን ላይ ሠራተኛዋ ስትወድቅ፣ ገጠሬው አነጋገሩን ሲስት ስንስቅ፣ ከማን ጋር ወግነን ነው የምንስቀው?

ተጠራጣሪዋ፦ ይሄ ነካኝ። ቅዳሜ ካሳቁኝ ትዕይንቶች አንዱ ከገጠር የመጣች ሠራተኛ ሊፍት ስትፈራ ነበር። አክስቴም እንዲሁ ፈርታ ነበር፤ ያኔ ግን እጇን ነው የያዝኳት። ግን ተጠንቀቅ፤ መሳቅ ሁሉ ንቀት አይደለም። ሕዝብ በራሱ ላይ ስቆ ነው መከራን ያሳለፈው። ኃይሌ ገሪማ ላይ የማጣው ይህንን ነው፤ ሰዎቻቸው አይስቁም። የእኛ ገበሬ በጣም ተጫዋች ነው፤ በቀልዱ ሹምን ያዋርዳል፣ በተረቱ ቄሱን ይነካል። «ምርት» ላይ ያ ገበሬ የለም። ሐዘን ብቻ የሚያሳይ ካሜራም ግማሹን ሰው ነው የሚያየው።

አድናቂው፦ ይህን ነጥብ ከአንቺ በፊት እንዲህ አጥርቶ ያነሣልኝ ሰው የለም። ልክ ነሽ፤ ሳቁ ጥቂት ነው። ግን ሳቅ የሌለበትም ገበሬ ነበር፤ እኩሌታውን አዝመራ ለባለርስት አስረክቦ ወደ ቤቱ የሚሄድበት ማታ። ኃይሌ ያንን ማታ መርጠዋል። አንድ ሰው ሁሉንም ማሳየት አይጠበቅበትም፤ የቀረውን ሌላው ይሥራው። የያሬድ ዘለቀን «ላምብ» አስታውሺ፤ እ.ኤ.አ. በ2015 ካን ላይ በይፋ ምርጫ ውስጥ የገባ የመጀመሪያው የኢትዮጵያ ፊልም። እናቱን በድርቅ ያጣ ልጅ፣ በጉን ከመታረድ ለማዳን የሚታገል፣ በዚያ ላይ ወጥ መሥራት የሚወድ። አጎቱ ወንድ ልጅ ምን ጓዳ ያስገባዋል ይላል። ሐዘንም ፈገግታም አንድ ላይ አለው። የጄሲካ በሽርን «ፋያ ዳዪ» እዪ፤ ሐረር፣ ጫት፣ ጥቁርና ነጭ፣ ለተመልካቹ እንደ ሕልም የሚሄድ። ሁለቱም በዝግታ አላፈሩም፤ ሁለቱም የገጠርን ሰው መሀል ላይ አስቀምጠዋል። መንገዱን ማን ጠረገላቸው?

ተጠራጣሪዋ፦ እነሱም የሚመሰገኑት ካንና ሰንዳንስ ነው። «ላምብ»ን ሠፈሬ ውስጥ ያዩትን ብትጠይቀኝ ጣቶቼ ይተርፋሉ። እኔን የሚያስፈራኝ ሁለት አገር ያለን መስሎ መታየቱ ነው። አንዱ ሲኒማ የሚስቅ፣ አንዱ ፌስቲቫል የሚያለቅስ። ሁለቱ አይተዋወቁም። ገበያው ጥልቀትን «አይሸጥም» ይላል፤ ፌስቲቫሉ ደግሞ ከእኛ የሚፈልገው ድርቅ፣ ጠለፋ፣ ጦርነት ነው። የመሃሉን ማን ይሥራው?

አድናቂው፦ «ፌስቲቫሉ መከራችንን ብቻ ይፈልጋል» ያልሽው እውነት አለበት። ግን ኃይሌ ገሪማን እዚያ ውስጥ አትደምሪያቸው። ለፌስቲቫል የሚሠራ ሰው «አድዋ»ን አይሠራም። እ.ኤ.አ. በ1999 ያወጡት ዘጋቢ ፊልም የሚናገረው ስለ ድል ነው። የሎስ አንጀለስ የፊልም ሙዚየም በ2021 ሲከፈት የመጀመሪያውን የቫንቴጅ ሽልማት ለእሳቸው ሰጠ፤ «ሳንኮፋ»ም በዚያው ዓመት ታድሶ ኔትፍሊክስ ላይ ወጣ። እንግዲህ አስቢው፤ አከፋፋይ አልፈልግህም ያለው ፊልም ሃያ ስምንት ዓመት ጠብቆ በገዛ ባለቤቱ እጅ ሳለ ገበያው መጣለት። ለአዲስ አበባ ወጣት ፊልም ሠሪ ከዚህ የሚበልጥ ምን ትምህርት አለ? ፊልምህን አትሽጥ፤ ያዘው፤ ራስህ አሳየው።

ተጠራጣሪዋ፦ ሃያ ስምንት ዓመት የሚጠብቅ የቤት ኪራይ የለም። እሳቸው የዩኒቨርሲቲ ደመወዝ ነበራቸው። ግን አንድ ነገር ልጨምርልህ፤ አሁን ልጆቹ ያልከውን ማድረግ ጀምረዋል። ፊልማቸውን ሲኒማ ቤት ካሳዩ በኋላ ዩቲዩብ ላይ ይጭኑታል፤ ሪያድም፣ ዋሽንግተንም፣ ቴል አቪቭም ያለ ሰው ያየዋል። አከፋፋይ የለም፣ በር ጠባቂ የለም። የእሳቸውን መንገድ እየተከተሉ ያሉት አንተ ቀላል ያልካቸው ናቸው።

አድናቂው፦ በዚህ ደስ ይለኛል። እንግዲያው የቀረው ምን እንደሚያሳዩ ነው።

ተጠራጣሪዋ፦ የቀረውስ ማን እንደሚያይ ነው። የመጨረሻ ቃሌን ልናገር። ኃይሌ ገሪማ ትልቅ ናቸው፤ ትልቅነታቸው ግን እኛ ዘንድ ገና አልተፈተነም። ዳኛው ቬኒስ ሳይሆን ፊልሙ የሚናገርለት ሰው ነው። «ምርት ሦስት ሺህ ዓመት»ን ማታ ላይ አንድ የገጠር ከተማ ሜዳ ላይ ሸራ ዘርግታችሁ አሳዩት። ገበሬው ሰልችቶት ተነሥቶ ከሄደ፣ እኔ ነኝ የረታሁት። እስከ መጨረሻው ቆይቶ በማግሥቱ ስለ ከበበ ከጎረቤቱ ጋር ከተከራከረ፣ አንተ ነህ።

አድናቂው፦ ፈተናውን እቀበላለሁ፤ ግን አንድ ነገር ልጨምርበት። ሰው ያልለመደውን ነገር በአንድ ማታ አይዳኝም፤ «ጤዛ»ንም፣ «ላምብ»ንም፣ «ድፍረት»ንም ተራ በተራ አሳዩት፤ ከዚያ ይፍረድ። ይህን ለማድረግ አዲስ ፊልም መሥራት አያስፈልግም፤ ፊልሞቹ ተሠርተው አልቀዋል። የሚያስፈልገው የባህል ቢሮዎች፣ ዩኒቨርሲቲዎችና ሲኒማ ቤቶች ከፊልሙ ባለመብቶች ጋር ተነጋግረው በራቸውን እንዲከፍቱ ነው። ይህን ምልልስ ያነበባችሁም፣ ለአስቂኙ ፊልም በምትሰጡት ሁለት ሰዓት ልክ ለአንዱ ሁለት ሰዓት ስጡትና ራሳችሁ ፍረዱ።